ኢትዮጵያ ያልተሰለፈችባቸው ኦሊምፒኮች፦ ፖለቲካ በስፖርት አደባባይ

ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም በሆላንድ ሮተርዳም ከተማ አትሌት በላይነህ ዴንሳሞ የማራቶንን ርቀት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ክብረ ወሰኑ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሰበር ቆይቷል። በዚያ ውድድር እርሱን ተከትሎ ሁለተኛ የገባው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነበር።

አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም፣ የሴኡል ኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። ወርቁን ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ወሰደ። አህመድ ሳላህ ሦስተኛ ወጥቶ ለትንሿ ሀገሩ የነሐስ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ በላይነህ ግን በመነሻው መስመር ላይ አልታየም። ሀገሩ ወደ ሴኡል ቡድን አልላከችም ነበርና።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ከተሳተፈችበት ከ1949 ዓ.ም የሜልቦርን ውድድር ወዲህ በፖለቲካ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከኦሊምፒክ ቀርታለች። በ1968 ዓ.ም ከሞንትሪያል፣ በ1976 ዓ.ም ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም ደግሞ ከሴኡል። ሦስቱም በአንድ ስም፣ “ራስን ማግለል” እየተባሉ ይጠራሉ። ምክንያታቸውና ውጤታቸው ግን የተለያየ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርትና ፖለቲካ አይነካኩም የሚለው አባባል ኢትዮጵያን በሚመለከት ከመጀመሪያውም የሚሠራ አልነበረም። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 25 ቀን፣ የናዚ ጀርመን መንግሥት የበርሊንን ኦሊምፒክ ሲከፍት የወራሪዋ ሀገር ቡድን ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ አለፈ። የተወረረችው ሀገር በዚያ ሰልፍ ቦታ አልነበራትም። በቀጣዩ ዓመትም ወራሪው ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደ፤ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹን ለሚያስተዳድር ሚኒስቴር በታሰበ ቦታ ፊት ለፊትም አቆመው። በትውፊት የመርጡለ ማርያምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ ከሚባሉት ከነገሥታቱ ከአብርሃና ከአጽብሓ ዘመን ጋር ስሙ የሚነሣው የአክሱም ሥልጣኔ ምስክር እንዲህ ሆኖ የባዕድ ከተማ የድል ምልክት ሆነ።

የ1952 ዓ.ም የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ያለፈው በዚሁ ሐውልት አጠገብ ነው። ሩጫው የተጀመረው አመሻሽ ላይ ሲሆን ጥንታዊውን የአፒያ ጎዳና ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። የክቡር ዘበኛ ባልደረባው አበበ ቢቂላ ጫማ ሳያደርግ ሲሮጥ ቆይቶ ወደ ማብቂያው ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ቀኑ ጳጉሜን 5፣ የ1953 ዓ.ም ዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው ከ45 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም ነው።

ድሉ ከቤተ መንግሥት ፖለቲካም አላራቀውም። በ1953 ዓ.ም ታኅሣሥ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ የክፍሉ አባላት ተይዘው ተመርምረዋል። አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ከተጠየቀ በኋላ ተለቋል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ በተከታታይ ኦሊምፒኮች ማራቶንን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ኢትዮጵያ በስፖርት አደባባይ የፖለቲካ ድምፅ ያገኘችው ግን ከሩጫው አስቀድሞ በእግር ኳስ ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባታቸው በሸክላ ድምፃቸውን በማስቀረት ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሲሆኑ፣ ልጅየው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋችነት ጀምረው በኋላ ከ1964 ዓ.ም አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ኮንፌዴሬሽኑ በየካቲት 1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ አባል ነበሩ። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ግን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ስላልሆነ ከውድድሩ ተሰረዘ። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያለ ግጥሚያ የተገኘ የፍጻሜ ቦታ ለእግር ኳሱ ብዙ አልጠቀመም። አዲሱ ድርጅት ገና በተወለደበት ወር ያሳለፈው ውሳኔ ግን ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ለዘለቀው ትግል መነሻ ሆነ።

የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በ1955 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ ላይ የነበረውን እገዳ ሲያነሣ አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን ከመሩት መካከል ነበሩ። ሌላም ቅሬታ ነበር። ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ለመላው አፍሪካ አንድ እርግጠኛ ቦታ እንኳ አልተሰጠም፤ የአህጉሩ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። በዚህ የተነሣ የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ወጡ። የደቡብ አፍሪካ እገዳ በ1957 ዓ.ም መጀመሪያ ተመለሰ፤ አፍሪካም ከቀጣዩ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። በስፖርት አድማ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ ጠያቂዎቹም አንድ ሲሆኑ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ትምህርቱ ወደ ኦሊምፒክም ተሻገረ። በየካቲት 1960 ዓ.ም ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካ በሜክሲኮ ውድድር እንድትሳተፍ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። ኢትዮጵያና አልጄሪያ አንሄድም በማለት ቀድመው ካስታወቁት ሀገሮች መካከል ነበሩ። ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች፣ ካሪቢያኖችና ሶቪየት ኅብረት ጭምር በድጋፍ ሲከተሉ ኮሚቴው በሚያዝያ ወር ግብዣውን ለመሰረዝ ተገደደ። ውሳኔው ባይቀለበስ ኖሮ ኢትዮጵያ ከሜክሲኮ የምትቀር ነበረች። ስለተቀለበሰ ግን ቡድኑ ሄደ። በማራቶኑ አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ወርቁን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ለኢትዮጵያ አስገኘ፤ በ10 ሺህ ሜትርም ብር አጠለቀ። እዚያው ሜክሲኮ ላይ ጥቁር አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በ200 ሜትር የሽልማት መድረክ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ በማንሣታቸው ከውድድሩ መንደር ተባረዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ነገሩ በሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ተደገመ። የሙኒክ ኦሊምፒክ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ 16 ቀን 1964 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ ሀገሮች እንወጣለን በማለታቸው ኮሚቴው በ36 ለ31 ድምፅ የነጭ ጥቂቶችን መንግሥት ቡድን አስወጣ። ሙኒክ ከዚህ ይልቅ የሚታወሰው 11 የእስራኤል ቡድን አባላት በታጣቂዎች በተገደሉበት አደጋ ነው። በሩጫው ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝተዋል። ምሩጽ ወደ 5 ሺህ ሜትር ማጣሪያው ሳይደርስ ቀርቷል፤ እንዴት እንደቀረ እስከ ዛሬ ልዩ ልዩ ወሬ ይነገራል።

እስከዚህ ድረስ አድማው ዛቻ ብቻ ነበር፤ ዛቻው በሠራ ቁጥር አትሌቶቹ ይሮጡ ነበር። በ1968 ዓ.ም ግን አልሠራም። ሰኔ 9 ቀን በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው በወጡበት ፖሊስ ተኮሰባቸው። በዚያው ሰሞን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደዚያች ሀገር ገብቶ ከነጮቹ ቡድን ጋር ይጫወት ነበር። የአፍሪካ ሀገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል እንድትወጣ ጠየቁ። ኮሚቴው ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ አያገባኝም ሲል መለሰ። ውድድሩ ሐምሌ 10 ቀን ሲከፈት ከ20 የሚበልጡ ሀገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ወጥተው ነበር። አንዳንዶቹ ቡድኖች መንደሩ ገብተው፣ ልብስና መለያቸውን ተረክበው ነው ሻንጣቸውን የሸከፉት።

ኢትዮጵያ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ምሩጽ ይፍጠር ነው። በዚያን ዓመት በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ከዓለም ምርጦች ተርታ የሚቆጠር ሯጭ ነበር። ሁለቱንም ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰደ። ሁለቱ በጉልምስናቸው ሞንትሪያል ላይ ቢገናኙ ማን ያሸንፍ እንደነበር በስፖርት ወዳጆች ዘንድ ማለቂያ የሌለው ክርክር ነው። ምሩጽ በ1969 ዓ.ም በዱሰልዶርፍ በተካሄደው የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። በ1971 ዓ.ም ሁለተኛው የዓለም ዋንጫ በዚያው በሞንትሪያል የኦሊምፒክ ስታዲየም ሲደረግ ደግሞ፣ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ሳይሮጥበት በቀረው መም ላይ ወጥቶ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም ዳግም በድል አጠናቀቀ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም ያረፈው እዚያው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው።

የሞንትሪያሉን ውሳኔ ኪሳራ ብቻ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በዚያው ሐምሌ፣ በዚያው ከተማ የተሰበሰበው የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት የብሪታኒያ የጋራ ብልጽግና ሀገሮች መሪዎች ከአፓርታይድ ጋር የስፖርት ግንኙነት እንዳይደረግ ስምምነት አደረጉ፤ ኒውዚላንድም ከተስማሙት አንዷ ነበረች። የአፍሪካ ሀገሮች የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው፣ የራሳቸውን ዋጋ ከፍለው፣ የፈለጉትን አቅጣጫ ማስያዝ ችለዋል።

ቀጥሎ የመጣው የኃያላኑ ተራ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1972 ዓ.ም ጦሯን ወደ አፍጋኒስታን በማስገባቷ አሜሪካና ከ60 በላይ ሀገሮች የሞስኮን ኦሊምፒክ ረግጠው ቀሩ። ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ስለነበር ኢትዮጵያ ተሳተፈች። የዘመኑ ፖለቲካ ለአንድ ጊዜ ለአትሌቶቹ የቀና መሰለ። ምሩጽ ሐምሌ 20 ቀን በ10 ሺህ ሜትር፣ ሐምሌ 25 ቀን በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ። መሐመድ ከድር በ10 ሺህ፣ እሸቱ ቱራ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ ጨመሩ።

ቀጥሎ የነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ ወንዶች ቡድን ከምንጊዜውም በላይ የጠነከረበት ወቅት ነው። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከ1973 እስከ 1977 ዓ.ም ለአምስት ተከታታይ ዓመት የአዋቂ ወንዶች የቡድን አሸናፊ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1975 ዓ.ም በቀለ ደበሌ የግሉንም ድል ወሰደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በሄልሲንኪ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር አገኘ። ለሎስ አንጀለስ የተዘጋጀው ትውልድ ይህ ነበር።

ሚያዝያ 30 ቀን 1976 ዓ.ም ሶቪየት ኅብረት የአትሌቶቿን ደኅንነት ምክንያት አድርጋ ወደ ሎስ አንጀለስ እንደማትሄድ አስታወቀች። የሞስኮ ብድር መመለሻ መሆኑን ግን ያልተረዳ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢትዮጵያም ተከተለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሶቪየት ጎራ አባል የነበረችው ሮማንያ ትእዛዙን አልሰማችም፤ ሄዳ 20 ወርቅ ሰብስባ ተመለሰች። ለኢትዮጵያውያኑ መጽናኛ እንዲሆን ሞስኮ ባዘጋጀችው የወዳጅነት ውድድር ማራቶን ደረጀ ነዲ አሸነፈ። የዚያ ወርቅ ግን በኦሊምፒክ መዝገብ ላይ አይገኝም።

የሴኡሉ ከሁሉም ይበልጥ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነው። ሰሜን ኮሪያ ውድድሩን ከደቡብ እኩል ካላዘጋጀሁ ብላ ቀረች፤ ኩባና ኢትዮጵያም አብረዋት ቀሩ። በዚህ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ሴኡል ገብታ 55 ወርቅ በመውሰድ ከዓለም አንደኛ ሆናለች። ምሥራቅ ጀርመንም ሄዳለች። ኢትዮጵያ የቀረችው ዋናዎቹ ወዳጆቿ በተገኙበት ድግስ ላይ ነው። ነገሩን ይበልጥ እንግዳ የሚያደርገው ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1940ዎቹ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ተሰልፎ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያች ምድር የወደቁ መሆናቸው ነው። የአባቶቻቸው ደም የፈሰሰባት ሀገር ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ ልጆቻቸው ለሌላ ሀገር ቅሬታ ሲባል ቤታቸው ዋሉ።

ከሞስኮ እስከ ባርሴሎና 12 ዓመት ነው። የአንድ የረጅም ርቀት ሯጭ የብርታት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ገበሬ አንድ የመኸር ወቅት ቢያመልጠው የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ ከአራት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ውድድር የተዘጋጀ ጉልበት ግን ሁለት ጊዜ ካለፈው አይመለስም። በ1973 ዓ.ም 22 ዓመት የሞላው ወጣት በ1984 ዓ.ም 33 ዓመቱ ነበር።

ባርሴሎና የመጣው ደርግ ወድቆ፣ አፓርታይድም እየተፈረካከሰ ባለበት ጊዜ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም በሴቶች 10 ሺህ ሜትር የመጨረሻዎቹን ዙሮች ብቻቸውን ይመሩ የነበሩት ሁለት ናቸው፦ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉና ሀገሯ ከ32 ዓመት እገዳ በኋላ የተመለሰችላት ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር። ደራርቱ ከኋላ ቆይታ በመጨረሻው ዙር አፈትልካ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ አሸነፈች፤ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ኢትዮጵያ ለ30 ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ጋር አልወዳደርም ስትል የኖረችው ይህ ዙር የሚቻልበት ቀን እንዲመጣ ነበርና የሞንትሪያሉ መቅረት ፍሬ እዚህ ላይ ይታያል። ለሎስ አንጀለስና ለሴኡል ተመሳሳይ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያገኘው የለም።

የመንግሥት ለውጡ የሌሎችን ሕይወት በተለየ መንገድ ነካ። የሜክሲኮው ባለ ወርቅ ማሞ ወልዴ በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ የአንድ ወጣት ግድያ ጋር በተያያዘ ተከስሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰረ። እርሱ ክሱን ክዷል፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም ጉዳዩ እንዲታይለት ተማጽኗል። በጥር 1994 ዓ.ም ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ሲፈረድበት ከፍርዱ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም አረፈ።

በኋለኛው ዘመን የፖለቲካው ጉዳይ ከመንግሥታት ወደ አትሌቱ ወደ ራሱ ተሻግሯል። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም በሪዮ ዴ ጄኔሮ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጆቹን ከግንባሩ በላይ አመሳቀለ። ምልክቱ በወቅቱ በኦሮሚያ ክልል ሲካሄድ የነበረው ተቃውሞ መለያ ነበር። በመድረኩ ውስጥ የፖለቲካ መልእክት ማስተላለፍን የኦሊምፒክ ቻርተር 50ኛ አንቀጽ ይከለክላል፤ ሆኖም እንደ ስሚዝና ካርሎስ አልተባረረም፤ ሜዳሊያውም አልተነጠቀም። ወደ ሀገሩ ሳይመለስ በአሜሪካ ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ።

በ2013 ዓ.ም በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወቅት ደግሞ ወሬው የውስጥ ነበር። የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴና ደራርቱ የምትመራው የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በአደባባይ ተወዛገቡ፤ ከቡድኑ የተገኘው ወርቅ ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ያመጣው አንድ ብቻ ነበር። ከዚያው ውድድር አስቀድሞ ዓለም አቀፉ ኮሚቴ 50ኛውን አንቀጽ በመጠኑ አላልቶ አትሌቶች ውድድር ከመጀመራቸው በፊት ሜዳ ላይ አቋማቸውን እንዲያሳዩ ፈቅዷል። በሽልማት መድረክ ላይና በውድድሩ መካከል ግን ክልከላው እንደጸና ነው።